የስምንተኛ ቢ ሒሳብ አስተማሪ

ከካዛንቺስ ለገሃር መስመር ላይ እንደኔ የሚጣራ ረዳት አልነበረም። ጉራ ነው የሚል ካለ የዛን ጊዜ ተራ አስከባሪዎችን ይጠይቅ። «ለገሃር! ለገሃር! ሁለት ሰው የቀረው!» ብዬ አንዴ ከለቀቅኩት፣ ለገሃር የመሄድ ሐሳብ ያልነበረው ሰው ሁሉ ዘሎ ይገባል። አንድ ቀን አንዲት እናት ገብተው ከተቀመጡ በኋላ «እኔኮ ላንቻ ነበር የምሄደው» አሉኝ። «እማማ፣ ዛሬ ለገሃርን አይተው ነገ ላንቻ ይሄዳሉ፣ ማን ያባርርዎታል?» አልኳቸው። ሳቁና ከፈሉ። በቃ እንደዛ ነበርኩ።

አባቴ ደግሞ አስተማሪ። ቂርቆስ አካባቢ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ ስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተምራል። የሱ ልጅ ሆኜ እኔ ከስድስተኛ ክፍል ወጥቼ ታክሲ ላይ ተንጠለጠልኩ። የሰፈር ልጆች «የሒሳብ አስተማሪው ልጅ ሒሳብ ተቀባይ ሆነ» እያሉ ይተርቡኝ ነበር። ትምህርት ስላልገባኝ አይደለም የወጣሁት። ማለቴ፣ አልገባኝም፣ ግን ዋናው ምክንያት እሱ አይደለም። ዋናው ምክንያት አባቴ ፈተና ሲያርም እናቴ አጠገቡ ቁጭ ብላ የሸሚዙን ኮሌታ እየፈታች፣ ያለቀውን ወደ ውስጥ ገልብጣ ስትሰፋ ማየቴ ነው። ይሄን ሁሉ ተምሮ ኮሌታ የሚያስገለብጥ ከሆነ እኔ ምን ቤት ነኝ አልኩ።

አባቴ አልመታኝም፣ አልሰደበኝም። ግን እኔ ያለሁበት ታክሲ ውስጥ ሲገባ ሒሳቡን አውጥቶ ይሰጠኛል። «አባባ፣ ተው እንጂ» እለዋለሁ። «ተቀበል፣ ሥራ ላይ ነህ» ይለኛል። ሰዉ ሁሉ ያየናል። ደግሞ ሁሌ አንድ የድሮ ተማሪ አይጠፋም፣ ብድግ ብሎ «ቲቸር ይቀመጡ» ይላል። አንዴ ባንክ ቤት የሚሠራ ከረባት ያሰረ ልጅ ተነስቶለት እስከ ለገሃር ድረስ ጎብጦ ሄደ። እኔ አባቴን አንተ ነው የምለው፣ አገሩ ሁሉ ግን አንቱ ይለዋል። ሰው ሲነሳለት ምንም አይልም፣ ግን ጆሮው ይቀላል። ደስታው ጆሮው ላይ ነበር የሚታየው።

ትምህርት ቤቱ ሲታይ ያሳዝን ነበር። አንድ ዴስክ ላይ አራት አምስት ሆነው ነው የሚቀመጡት። ክረምት ሊገባ ሲል ዝናብ ከመጣ ቆርቆሮው ስለሚጮህ አባቴ ማውራቱን ትቶ ሰሌዳ ላይ ብቻ ይጽፋል፣ ልጆቹ ደግሞ ከሚያፈሰው ቦታ እየሸሹ አንድ ጥግ ይታጨቃሉ። ጠመኔ በግማሽ ነው የሚታደለው። ግማሿ ስታልቅ አባቴ ከኪሱ ገዝቶ ይሞላል። እናቴ ስትናደድ ወደ ትግርኛ ነው የምትገባው፣ ትግርኛውን ስትጨርስ ደግሞ በአማርኛ «መምህር፣ ዛሬ ሽሮውን በጠመኔ ልሥራው?» ትለዋለች። እሱ ይስቃል። እሷ አትስቅም።

ቀስ በቀስ አስተማሪዎቹ ማጉረምረም ጀመሩ። ደሞዝ ይስተካከል፣ ጣሪያው ይሠራ፣ ዴስክ ይምጣ፣ ጠመኔ በሙሉ ይታደል። ይሄው ነው፣ ሌላ ነገር የለውም። አባቴ አንዴ ለዳይሬክተሩ አቅርቦለት «እናያለን» ብሎ ሸኝቶታል። ግን የት ቁጭ ብለው ይነጋገሩ? ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሰብሰብ ብለው ከቆሙ ዳይሬክተሩ «ምን አለ እዚህ ጋ?» እያለ ይመጣል። ካፌ ከገቡ የጎን ጠረጴዛው ጆሮ አለው። እኛ ቤት እንዳይሆን፣ የቀበሌ ቤት ነው፣ አንድ ክፍል፣ ጎረቤት ሲያነጥስ እኛ ነን ይማርህ የምንለው።

ታዲያ መላውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ይመዝገብልኝ። «አባባ» አልኩት፣ «ታክሲ ውስጥ ተሰብሰቡ። ታክሲ ውስጥ ሰው ሲታጨቅ ማን ይጠረጥራል?»

አባቴ ቀና ብሎ አየኝ። ከስድስተኛ ክፍል ከወጣሁ ወዲህ እንደዛ አይቶኝ አያውቅም።

ሹፌሩን ማሳመን አልከበደኝም፣ ምክንያቱም ሴት ልጁ ስምንተኛ ቢ ናት፣ የአባቴ ተማሪ። ስምንተኛ ማለት ሚኒስትሪ ፈተና ነው፣ ቀልድ የለም። «ነዳጁን ይቻሉ እንጂ እኔ እነዳለሁ» አለ። እሁድ ከሰዓት በኋላ ታፔላውን አነሳንና ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ወረድ ብለን አንድ በአንድ ለቀምናቸው። ከዛ ካዛንቺስ፣ ለገሃር፣ ላንቻ፣ እንደገና ካዛንቺስ፣ ዝም ብሎ መዞር። እኔ በሩ ላይ ቆሜ መንገደኛ እጁን ሲያነሳ «ሙሉ ነው! ሙሉ ነው!» እላለሁ። እውነትም ሙሉ ነበር፣ በትርፍ ጭምር።

መጀመሪያ ላይ ሁሉም ባንድ ላይ ያወራል። አስተማሪ ልማዱ ነው፣ ሌላውን ዝም አስብሎ ማውራት፣ እዚህ ግን ዝም የሚል ተማሪ የለም። ታዲያ እኔ ሕግ አወጣሁ። «ስሙ! መናገር የፈለገ ሰው ወራጅ አለ ይበል። ያላለ አይናገርም።» ሳቁብኝ፣ ግን ሠራ። ከዛን ቀን ጀምሮ ትልልቅ ሰዎች በየተራ «ወራጅ አለ» እያሉ ሲናገሩ ማየት ነበር። ሹፌሩ ሁለቴ ተሳስቶ ዳር ይዞ ቆሟል።

ከመካከላቸው ደፋሯ የእንግሊዝኛ አስተማሪዋ ነበረች። እኔንም አምስተኛ ክፍል አስተምራኛለች፣ ያው አስተማረችኝ ይባላል። ምላሷ ምላጭ ነው። አባቴን ግን ታከብረዋለች፣ ጋሼ ነው የምትለው።

«ወራጅ አለ!» አለች የመጨረሻው እሁድ። «ቤታችን እንቅር ነው የምለው እኔ። ሰኞ ማንም አይግባ፣ አለቀ።»

«ወራጅ አለ» አለ አባቴ ከጋቢና ዞሮ። «ቤት ከቀረን ከሥራ ቀሩ ብለው ያባርሩናል። እንገባለን። እንፈርማለን። አስተማሪዎች ክፍል ገብተን እንቀመጣለን። ደወል ሲደወል ግን ማናችንም ወደ ክፍል አንሄድም። አንድ ቀን፣ ሁላችንም ከተቀመጥን፣ መጥተው ምን ፈለጋችሁ ይሉናል። ያን ጊዜ እንነግራቸዋለን።»

«ከመካከላችን አንድ ሰው ቢነሳስ ጋሼ?»

«ማን ይነሳል? ሕፃን ነን እንዴ?»

«አይ፣ ከተነሳ ብዬ ነው። ከተነሳ ያዘጋጀነውን ሰዎች ለቅመው ከክፍል ነው የሚያስወጡን። እርስዎንማ መጀመሪያ።»

አባቴ ወደ ፊት ዞረ። ፊት ለፊቱ ባለው መስታወት ነበር የማየው። «እኔ ከክፍል ከወጣሁ ምን እሠራለሁ?» አለ፣ ለማንም አይደለም የተናገረው። «ሌላ ምንም አልችልምኮ።»

ያኔ ነው የገባኝ። አባቴ ደሞዝ መቀነስ አይፈራም፣ የሚቀነስ የለውማ። መታሰርም ያን ያህል አይፈራም። የሚፈራው አንድ ነገር ነው፣ ሰሌዳ ፊት መቆሙን እንዳይነጥቁት። ያንን አስይዞ ነው የገባበት።

ሰኞ ጠዋት ኮሌታው የተገለበጠለትን ሸሚዝ ለበሰ። እናቴ ጫማውን ጠርጋ ሰጠችው። እኔ ሥራ ገባሁ፣ ግን ያን ቀን ለገሃር የምለው በሹክሹክታ ሆነ፣ ሹፌሩ «ምን ሆነሃል አንተ፣ ሰው ቀባሪ ነው እንዴ የምትጠራው?» እያለ ሰደበኝ። ምሳ ሰዓት ላይ አልቻልኩም፣ ወደ ቤት ሮጥኩ።

አባቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። ኮቱን አላወለቀም። ቀኝ እጁ ጠመኔ በጠመኔ ነው።

እናቴ አጠገቡ ቆማለች። «ንገረኝ እንጂ» ትለዋለች።

«ተቀመጥን» አለ። «ሁላችንም ተቀመጥን። ፈረምን። ሻይ ጠጣን። ልጆቹ ተሰልፈው ገቡ። እንደዛ ጸጥ ያለ ጠዋት አይቼ አላውቅም። ከዛ ደወሉ ተደወለ።»

«እሺ?»

«ተነሳሁ።»

«እንዴት ተነሳህ?»

«እኔ እንጃ። እግሬ ነው። ማንም አልጠራኝም። ሳስበው በሩ ላይ ነኝ። ስምንተኛ ቢ በር ላይ። ልጆቹ ብድግ አሉ። እንደምን አደራችሁ አልኳቸው። እንደምን አደሩ ቲቸር አሉ፣ ሁሉም ባንድ ድምፅ። ጠመኔው እጄ ላይ ነበር። መመለስ ነበረብኝ፣ አውቃለሁ፣ መመለስ ነበረብኝ። ግን ቆመዋልኮ። እኔን እያዩ ቆመዋል። ምን ብዬ ልውጣ?» እጁን አየ። «ተቀመጡ አልኳቸው። የት ነበር ያቆምነው አልኳቸው።»

«ሌሎቹስ?» አልኩት እኔ።

«ከኋላዬ የሳይንሱ ገባ። ከዛ የኅብረተሰቡ። እረፍት ሳይደርስ ሁሉም ክፍል አስተማሪ ነበረው። እሱ ከገባ እኛ ምን እንጠብቃለን ብለው።»

እኔ እንግዲህ ሲጨንቀኝ መቀለድ ነው ልማዴ። «አባባ፣ ወራጅ አለ ሳትል ነው የወረድከው በለኛ» አልኩት። ማንም አልሳቀም። እናቴ በሁለቱም ቋንቋ ዝም አለች። የእጅ ማስታጠቢያውን አምጥታ እጁን እንደ ሕፃን እጅ ይዛ ማጠብ ጀመረች። ነጩ ውሃ ሲወርድ ሳይ ወጣሁ።

ከሁሉ የባሰው ሹፌሩ ነበር። ማታ መኪናውን ሊያሳድር ሲሄድ በእኛ በር አለፈ። አንገቱን ብቅ አድርጎ «ቲቸር! እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ልጄ ዛሬ ተምራ ነው የመጣችው፣ እርስዎ መጀመሪያ ገቡ አለችኝ። ጀግና ነዎት!» አለ። ከልቡ ነው። አባቴ «ምንም አይደል» አለው። ያን ዕለት አባቴን ያመሰገነው ሰው እሱ ብቻ ነው፣ አባቴን እንደሱ ያቆሰለውም የለም።

አስተማሪዎቹ አልተሳደቡም። ቢሳደቡ ይሻል ነበር። ሰላምታ ይመልሳሉ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይሉና ፊታቸውን ያዞራሉ። ሻይ ሰዓት አባቴ ሲገባ ወሬው ይቆማል። አግዳሚው ላይ ጠጋ የሚልለት ጠፋ። ታክሲ ውስጥ ልጅ አዋቂው የሚነሳለት ሰውዬ፣ እዛ ክፍል ውስጥ ቆሞ ሻዩን ጠጥቶ ይወጣ ነበር። ይሄን የነገረኝ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነው፣ አባቴ ቤት ውስጥ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ከዛ ዝውውሩ መጣ። የእንግሊዝኛ አስተማሪዋ የፈራችው ደረሰ፣ ግን በሌሎቹ ላይ አይደለም፣ በሱ ብቻ። ጥያቄውን ከአድማው በፊት ለዳይሬክተሩ ያቀረበው እሱ ስለነበር አዘጋጁ ማን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ አልደከሙም። አድማውን ያፈረሰውም፣ አድማውን ያዘጋጀ ተብሎ የተቀጣውም አንድ ሰው ሆነ። ከተማው ዳር አዲስ የተከፈተ ትምህርት ቤት ውስጥ ንብረት ክፍል ኃላፊ ተብሎ ተላከ። ኃላፊ! እናቴ ስትሰማ «ደሞዝ ጨመሩልህ?» አለች። ሳንቲም አልጨመሩም። ስቶር ጠባቂ ነው በአማርኛ።

ግን ኃላፊ የሚለው ስም ጉድ ሠራ። «አየህ፣ አድማውን አፍርሶ ሹመት ተሰጠው» ተባለ። አንድ እሁድ ከቅዳሴ ወጥተን ቂርቆስ ግቢ ውስጥ ከአባቴ ጋር ቆመናል። የሳይንሱ አስተማሪ አጠገባችን ደረሰ፣ ነጠላውን አስተካከለ።

«እንኳን ደስ ያለህ ቲቸር» አለ። «ኃላፊነት አገኘህ አሉ።»

እኔ ቡጢዬን ጨብጫለሁ። እውነቴን ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ባይሆን ጥርሱን አስለቅመው ነበር፣ በሰፈሩ በቡጢ የሚያክለኝ አልነበረም። አባቴ ክንዴን ያዘኝ። ከዛ ለሰውዬው ጎንበስ አለና «እንኳን አብሮ ደስ አለን» አለው። በወጉ። እንደሚባለው አድርጎ። ሰውዬው ራሱ ደነገጠ፣ ሌላ ነገር ነበር የጠበቀው።

አዲሱ ቦታ ሁለት ታክሲ ይዞ፣ ከዛ በእግሩ ሄዶ ነው የሚደርሰው። ሥራው ምን መሰላችሁ? የተሰባበረ ዴስክ መጠበቅና ጠመኔ ማደል። በግማሽ። አባቴ፣ ጠመኔ በሙሉ ይሰጠን ብሎ የተነሳው ሰውዬ፣ አሁን በመስኮት ቀዳዳ እጁን አውጥቶ ግማሽ ግማሽ ይሰጣል። እዛ ያሉት ወጣት አስተማሪዎች አስተማሪ እንደነበረ እንኳን አያውቁም። «ጋሽ ስቶር» ነው የሚሉት። «ጋሽ ስቶር፣ ዛሬ እንኳን አንድ ሙሉ ይስጡኝ፣ ያን ያህል ምን ያሰስትዎታል?» ይሉታል። ካለው ላይ ከኪሱ ገዝቶ እንደሚጨምርላቸው የምናውቀው እኔና እናቴ ነን።

አንድ ቀን ካዛንቺስ ላይ፣ ቀጠን ያለ ዝናብ እየዘነበ፣ የእንግሊዝኛ አስተማሪዋ ታክሲያችን ውስጥ ገባች። ስታየኝ ልትወርድ ነበር፣ ግን ከኋላዋ ሰው ገፋ። በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ሒሳብ ስቀበል ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

«ቲቸር፣ አባቴ አልሸጣችሁም» አልኳት።

«ቀስ በል።»

«አልሸጣችሁም ነው የምልዎት። የሰጡት ስቶር ነው። ሹመት አይደለም።»

«አውቃለሁ» አለች። መስኮቱን እያየች ነው። «ስማ። እኔም ተነስቼ ነበር።»

«የት?»

«ያን ቀን ነዋ። ደወሉ ሲደወል። ደብተሬን አቅፌ ብድግ ብያለሁ። ሁላችንም ብድግ ብለናል። አባትህ በሩ አጠገብ ስለነበረ ቀድሞ ወጣ እንጂ እኔ ነበርኩ የምወጣው። ቤት እንቅር ያልኩት ለምን ይመስልሃል? ደወሉን ከሰማሁ እንደማልቀመጥ ስለማውቅ ነው። እሱ ራሱን አላወቀም፣ እኔ ራሴን አውቃለሁ።»

«ታዲያ ይንገሯቸዋ! ለሱም ይንገሩት!»

«ምን ብዬ? በእርስዎ ላይ የተቆጣነው በራሳችን ላይ እንዳንቆጣ ነው ልበለው?»

«አዎ! እንደዛው ይበሉት።»

አየችኝ። አምስተኛ ክፍል እያለሁ ጥያቄ ሳልመልስ ስቀር የምታየኝ አስተያየት ነው። ከዛ «ወራጅ አለ» አለች። ፌርማታዋ ገና ነበር። ዝናቡ ውስጥ ወረደች።

መኪናው ሲንቀሳቀስ ሹፌሩ በመስታወት አየኝ። ሁሉንም ሰምቷል። «አባትህን ግን ቢመልሱት ጥሩ ነበር» አለ። «ልጄ እኮ ከሱ በኋላ ሒሳብ አልተማረችም። ሰው አልተተካም። በሒሳብ ሰዓት ሜዳ ወጥተው ኳስ ነው የሚጫወቱት። ፈተናው ደግሞ ደረሰ።»

ያን ዕለት በጊዜ ቤት ገባሁ። አባቴ ከሥራ ገና መግባቱ ነው፣ እናቴ ሻይ ቀድታለታለች። የእንግሊዝኛ አስተማሪዋ ያለችውን ቃል በቃል ነገርኩት፣ አንድም ቀልድ ሳልጨምርበት። ተነስታ እንደነበር፣ ሁሉም ተነስተው እንደነበር፣ እንዳልሸጣቸው እንደምታውቅ። ጆሮው ይቀላል ብዬ ጠበቅኩ። እናቴ ሻዩን ይዛ ቆማ ቀረች።

አባቴ ጨርሶ ሰማኝ። «ደህና ናት?» አለ። «ልጅቷን ዝናብ መታት በለኛ።» ከዛ ትንሽ ቆይቶ፣ «ስምንተኛ ቢን ማን ያዘው? አልነገረችህም?»

ሹፌሩ ያለኝን አፌ ላይ አድርሼው ነበር። ግን ፊቱን አየሁት፣ አልቻልኩም።

«አዲስ መጥቷል» አልኩት። «ወጣት ነው። ጎበዝ ነው ይላሉ።»

«እሰይ» አለ። ስኒውን ከእናቴ ተቀበለ። «ከየት ነው የጀመረላቸው? የት ደረሱ?»

እኔ የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ መጽሐፍ ውስጥ ምን እንዳለ በምን አውቄ! በካዛንቺስ መስመር ማንንም የሚያሳምን ምላስ ነበረኝ፣ ለአባቴ አንድ ምዕራፍ መጥራት አቃተኝ።

«መሃል አካባቢ» አልኩት።

ረጅም ጊዜ አየኝ። እናቴም አየችኝ።

«መሃል አካባቢ» አለ አባቴ። «ጥሩ ነው። ከመሃል በኋላ ነው የሚከብደው፣ ቀስ ይበል በለው።» ከዛ ሻዩን ሳይጠጣ ስኒውን አስቀመጠና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ጋደም አለ።